ዓመት ሙሉ ያልተቆጡን ሰዎች

ይህን ታሪክ አፌን ሞልቼ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። እስከ ስድስተኛ ክፍል ስማር እንኳ መምህሩ ስሜን ሲጠራ «አቤት» የምትልልኝ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ነበረች። በዕድሜዬ የጮኽሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ስለዚያ ቀን ልንገራችሁ።

ቤታችን ሰባታሚት ነው፤ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ። እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ደሳለውና እኔ ነን። እኔ ጣና ዳር ካለው የዓሣ መሸጫ ዳስ ዓሣ እየሰነጠቅሁ አጸዳለሁ። ደሳለው አናጢ ነው። የሠራው በር ሲዘጋ ድምፅ የለውም። ሰፈሩ ግን ስሙን የሚያነሣው በበሩ አልነበረም።

እኛ ዘንድ የልደት ዕለት ከሰዓት በኋላ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ወንዶች ገና ይጫወታሉ። ጫፉ በቆለመመ ዱላ ጥንግ የምትባለውን የእንጨት ድብልብል እየመቱ ከሌላው ወገን ድንበር ማሳለፍ ነው ጨዋታው። ዱላውም ራሱ ገና ይባላል። ደሳለው ጥንግ መምታት አይችልም። የሚችለው ሰው መምታት ነው። የላይ ሰፈር አለቃ አያ ጥላሁን ተጫዋች ሲመርጥ መጀመሪያ የሚጠራው እሱን ነበር። ከታች ሰፈር የሚሮጥ ልጅ ሲያስቸግረው «ደሳለው፣ ያንን አስቁምልኝ» ይለዋል። ደሳለው ያስቆመዋል። ቅልጥም ሲሰበር፣ ጥርስ ሲረግፍ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ማታ ቤት ሲገባ ግን እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የጠላውን ዋንጫ በሁለት እጁ ነበር የሚይዘው። እኛም ድካም ነው እያልን ዝም አልን።

ነገሩ የተበላሸው እኔ ከጮኽሁበት ቀን ዓመት አስቀድሞ ነው። የቄስ አዳሙ የበኩር ልጅ አስማረ ለታች ሰፈር ይጫወት ነበር፤ እንደሱ የሚሮጥ አልነበረም። ሦስት ጊዜ ጥንጓን አሳለፈብን። አያ ጥላሁን ያችኑ ቃሉን ተናገረ። ደሳለው ቅልጥሙን ሊለው ሲሰነዝር አስማረ ጥንጓን ሊመልስ ጎንበስ አለ። የዱላው ቆልማማ ጫፍ ግራ ዓይኑ ላይ አረፈ። እርጥብ ነገር ሲፈርጥ የሚሰማውን ድምፅ ከቆምሁበት ሰማሁት። አስማረ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተንበረከከ። በጣቶቹ መካከል ደም ብቻ አልነበረም የወረደው። ዓይኑ አልዳነም።

በማግስቱ እናቴ ዳቦ ይዛ፣ እኔና ደሳለው ተከትለናት ሄድን። ቄስ አዳሙ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ተቀበሉን።

«ምን በወጣችሁ ትሸማቀቃላችሁ! በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። የአባቶቻችን ቃል ነው» አሉን።

ደሳለው እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ክንዱን ይዘው አስነሡት። «ጥፋት የለብህም ልጄ። ጥፋት ከሌለ ምን ብዬ ይቅር ልበልህ?» አሉት። አስማረ ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ተኝቶ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈሰም።

አገር ሁሉ የቄስ አዳሙን ጨዋነት አወራ። ደሳለው ሽማግሌ ይዞ ሁለት ጊዜ ተመለሰ፤ ሁለት ጊዜም ያችኑ ቃል ተቀብሎ መጣ። ከሦስተኛው በኋላ እንቅልፍ ተወው። መጀመሪያ መብላት አቆመ፤ ከዚያ ሥራ። ግራ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ በግቢው ይዞራል፤ ከቋሚ ጋር ይጋጫል፤ ይወድቃል፤ ተነሥቶ እንደገና ይሸፍናል። አንድ ጠዋት ግንባሩን ከግድግዳ ጋር ሲያላትም እናቴ ደረሰችበት። ጠበል ወሰደችው። ከጠበሉ ሲመለስ «ምን ኃጢአት አለብህ ሲሉኝ ምን ልበላቸው?» አላት።

ገና ሁለት ቀን ሲቀረው የምሠራበት ዳስ ድረስ መጣ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አምባዛ ስሰነጥቅ ያየኝ ጀመር።

«የውብዳር፣ ዓሣ ዓይኑን አይጨፍንም እንዴ?»

«የዓይን ቆብ የለውም፣ ወንድምጋሼ። ሲተኛም እንዲሁ ነው።»

«እንደኔ ነዋ» አለ። ሳቅ ያለ መሰለኝ፤ ደስ አለኝ። ወደ ሐይቁ ዞሮ «የገና ዕለት ሜዳ አትምጭ» አለኝ።

«ልትጫወት ነው?»

«አያ ጥላሁን ለምኖኛል። እሽ ብዬዋለሁ። አንቺ ብቻ አትምጭ።»

ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። እኔ ግን አልጠየቅሁም። ቢላዬን አጠብሁ።

የሰፈራችን ልማድ እንዲህ ነው። ገና ሳምንት ሲቀረው የተጫዋቾቹ ዱላ አለቃው ቤት ተሰብስቦ ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ይሰቀላል። በዋዜማው ከየቤቱ አንዲት ሴት ሄዳ የወንድሟን ወይም የባሏን ዱላ ታመጣና ቅቤ ትቀባለች፤ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ። የደሳለውን ዱላ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሰውነቱን እያሸሁ ስቀባ አውራ ጣቴ ከመካከሉ፣ በጠፍር ከተጠመጠመበት ላይ፣ ሰረጎድ አለ። ጠፍሩን ፈታሁት። ዱላው ውፍረቱ ከግማሽ በላይ በመጋዝ ተቆርጧል። አንድ ጊዜ ቢጋጭ እንደ ሸንኮራ ነው የሚሰበረው።

 አያ ጥላሁን ቤት ሳምንቱን ሙሉ የማይገባ የማይወጣ አልነበረም። የታች ሰፈር ሰዎች ናቸው አልሁ በልቤ። አፋቸው አልቆጣ ቢል እጃቸው ተቆጣ፤ ወንድሜን ባዶ እጁን አድርገው ሊገድሉት ነው። ለደሳለው ብነግረው በዚያው ቁጣ ይወጣል ብዬ ፈራሁ። ለእናቴ ብነግራት ትጮኻለች። ዝም ማለት ደግሞ ማንም ሳያስተምረኝ የማውቀው ሥራ ነው።

ከበራፋችን በላይ አባታችን ሲሞት የተሰካ የእሱ የወይራ ገና ነበር። ክብደቱ እንደ ብረት ነው። አወረድሁት። ያንኑ ጠፍር በዚያው ቦታ ጠመጠምሁበት፤ ቅቤ ቀባሁት፤ የተቆረጠውን ከማገዶው ሥር ሸሸግሁት። ወንድሜን ያዳንሁ መስሎኝ በሰላም ተኛሁ።

በበዓሉ ቀን፣ ፀሐይ ከአናት ዘንበል ስትል አያ ጥላሁን ደጃችን ላይ ቆሞ ተጣራ።

«ዱላችን የት አለ? ደሳለውን ማለቴ ነው!»

«ተወው ጥላሁን፤ ልጄ ታሟል» አለች እናቴ።

«እሱ የሚድነው ሜዳ ላይ ነው፣ እትዬ። ሰው ሲመታ ይሻለዋል።»

ደሳለው ዱላውን ጥግ ላይ ካስቀመጥሁበት አንሥቶ ወጣ። ልብ ብሎ አላየውም። ዓይኑ ከሩቅ ነገር ላይ ነበር። እናቴን ጉልበቷን ሳማት። ጉልበቷን መሳሙ ለእናቴ አዲስ ሆነባት፤ በዓል ነው ብላ ተወችው። እኔ አትምጭ መባሌን ረስቼ ነጠላዬን ተከናንቤ ተከተልሁ።

ሜዳው ዙሪያው ሰው ነው። የእኛ ሰፈር ሴቶች ጨዋታው ሳይጀመር ስድብ ጀምረዋል፤

«የታች ሰፈር ጀግና ምሽቱ ብትልከው፣
ገና ያዝ ብትለው ምርኩዝ መሰለው!»

ከማዶ ሳቅና ፉጨት መለሱ። ቄስ አዳሙ ነጭ ጋቢ ለብሰው ከታች ሰፈር ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል። አስማረ ከጎናቸው ነው፤ የግራ ዓይኑ ቦታ ተጣብቆ እንደ ተሰፋ ቀዳዳ ሆኗል። የታች ሰፈርን የሚመራው ታናሽ ወንድሙ ጌትነት ነበር። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ግንባሩ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሯል።

ጥንጓ ስትወረወር አቧራው ተነሣ። መጀመሪያ እንጨት ከእንጨት ሲጋጭ ነበር የሚሰማው፤ ቀጥሎ እንጨት ከአጥንት። ከእኛ ወገን አንዱ አፉን ይዞ ወጣ፤ መሬት ላይ ሁለት ጥርስ ተፋ፤ አንሥቶ አፈሩን አራገፈና ኪሱ ከተተ። ከታች ሰፈር አንዱን ተሸክመው አወጡት፤ እግሩ ከጉልበቱ በታች ወደማይታጠፍበት ተንጠልጥሏል። ሰው ሁሉ «እሰይ! በለው!» ይላል። ደሳለው መካከል ላይ ቆሟል። አንድ ሰው አልነካም። ዱላውን ቁልቁል ይዞ የሚጠብቅ ይመስላል።

«ደሳለው! ተኛህ እንዴ? ልጃገረድ አደረግኸን!» አለ አያ ጥላሁን። ቀጥሎ በጣቱ ጌትነትን አሳየው። «ያንን አስቁምልኝ!»

ጌትነት ግን ጥንጓን ትቷት ነበር። ቀጥ ብሎ የሚመጣው ወደ ደሳለው ነው። «የወንድሜን ዓይን አምጣ!» እያለ ዱላውን በሁለት እጁ ከአናቱ በላይ አንሥቷል። ደሳለው ያን ጊዜ የራሱን ዱላ አግድም አነሣ። ሊመታ አልነበረም፤ ሊቀበል ነበር።

ሁለቱ ዱላዎች ተጋጩ። የጌትነት ዱላ እንደ ጭራሮ ተሰበረ። የአባቴ ወይራ ነጥሮ ተመለሰና የልጁን እጅ ከአንጓው ላይ አገኘው። «ቀጭ» ሲል ሰማሁ። ጌትነት እጁን አየው፤ ቀጥሎ ጮኸ።

ደሳለው ዱላውን እያገላበጠ ተመለከተ። አባታችን እጀታው ላይ በምስማር የቀረጻት ትንሽ መስቀል ነበረች። መስቀሏን አያት። ቀና ብሎ በሕዝቡ ውስጥ ሲፈልግ እኔን አገኘኝ። ያን ፊቱን እስክሞት አልረሳውም። ቁጣ አልነበረበትም። «አንቺም?» የሚል ዓይነት ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። መጋዙ የራሱ ነበር። ዱላውን የቆረጠው ራሱ ነበር።

ወይራውን ወረወረው። ተንበረከከ። እጆቹን ከኋላው አጣመረ።

የታች ሰፈር ልጆች መጡበት። የመጀመሪያው ምት ጀርባው ላይ አረፈ፤ አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛው ትከሻውን አለው። ሦስተኛው ራሱ ላይ ሲያርፍ በግንባሩ ተደፋ፤ ቆዳው ተከፍቶ ደም ፊቱን አለበሰው። የእኛዎቹ ገቡ፤ አገር ተደባለቀ። ጥንጓ የት እንዳለች የሚያውቅ አልነበረም። ድንጋይ ይወረወር ጀመር። ጫማ የጎድን አጥንቱን ሲያገኘው ደሳለው ራሱን እንኳ በእጁ አልከለለም። አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ነጠላዬ የት እንደ ወደቀ አላውቅም። ሴት ከዚያ ሜዳ ገብታ አታውቅም። ገባሁ። በእግር መካከል ዳኽሁ፤ ጣቴን የረገጠው ነበር፤ ክርኑን አፌ ላይ ያሳረፈ ነበር። ደርሼ ላዩ ላይ ተኛሁበት። ለእሱ የተሰነዘረ ዱላ ትከሻዬ ላይ ወረደ፤ አጥንቴ ሲለቅ ተሰማኝ። ጆሮዬን አፉ ላይ ባደረግሁ ጊዜ የሚለውን ሰማሁ።

«ገና ነው... ማንም አይጠየቅም... ንገሯቸው... ማንም አይጠየቅም።»

ያን ጊዜ ነው የጮኽሁት። በአፌ ደም ነበር፤ ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

«አባ! ቄስ አዳሙ! ይቆጡን! ስለ እግዚአብሔር ብለው ይቆጡን!»

የሚመታው እጅ ላላ። አንዱ «ምን ትላለች ይች?» አለ።

«ዓይን አጥፍቷል! ጥፋት የለብህም እያላችሁ ገደላችሁት! ያጠፋ ሰው አይደለም እንዴ ይቅር የሚባለው? በደሉን መልሱለት! ተቆጡት!»

ቄስ አዳሙ ተነሥተው መጥተዋል። ጋቢያቸው ላይ የሰው ደም ተረጭቶበታል። «ልጄ፣ በገና ጨዋታ...» ብለው ጀመሩ።

«ይተዉት አባዬ» አለ ከኋላቸው አንድ ድምፅ። አስማረ ነበር። ጎንበስ ብሎ የአባቴን ወይራ ከመሬት አነሣ። መንገድ ለቀቁለት። አናታችን ላይ ቆመ።

«ተነሽ ከላዩ» አለኝ።

«አልነሣም።»

«ተነሽ፣ ፊቱን ልየው።»

አልተነሣሁም፤ ደሳለው ራሱ በእጁ ገፋ አድርጎኝ ቀና አለ። አስማረ ዱላውን አነሣ። እናቶች ዓይናቸውን ሸፈኑ። ዱላው አየር ላይ ቆየ። አንድ ዓይኑ ብቻ ያለቅሳል።

«እኔ ተቆጥቻለሁ» አለ። ወደ አባቱ ዞረ። «ይስሙኝ አባዬ። ዓመት ሙሉ ተቆጥቻለሁ። እርስዎ ተመሰገኑ፤ እኔ ሌሊቱን ትራስ ስነክስ አደርኩ። ለማን ልናገር? ጨዋታ ነው አላችሁ። ዓይኔ ነው የጠፋው! ዓይኔ ነው!» ዱላውን ከደሳለው ጉልበት ፊት መሬት ላይ አሳረፈው፤ ግማሽ ክንድ አፈር ተፈነጠረ። «ከስሼሃለሁ፣ ደሳለው። ሰው ይስማኝ። በድለኸኛል። ሽማግሌ ይቀመጥ።»

ወንድሜ ሲደበደብ ያላለቀሰው፣ ይህን ሲሰማ አለቀሰ። እንደ ሕፃን፣ በድምፅ። «አዎ» አለ። «አዎ፣ በድያለሁ።»

በባጃጅ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፤ ደሳለውን በአንዱ፣ ጌትነትን በሌላው። ደሳለው ሦስት የጎድን አጥንቱ ተሰብሯል፤ ራሱ ተሰፋ። የእኔም ትከሻ ታሰረ። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ «ለምን?» አልሁት። ሰውን «ለምን» ብዬ ስጠይቅ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው መሰለኝ።

«በመጀመሪያው ምት እንዲሰበር ነበር» አለ። «ባዶ እጄን ስሆን እነሱ ይጨርሱልኛል። እናቴ ለምን ሞተ ብላ አትጠይቅም፣ እነሱም አይጠየቁም፣ ገና ነዋ። እንደኔ በጥፋቱ የሚሠቃይ ሌላ ሰው አይወጣም።»

ሐኪሟ የሰማችው መሰለኝ፤ በማግስቱ ስለ ጎኑ ሳይሆን ስለ እንቅልፉ ጠየቀችው። ለጭንቀት የሚሰጠውን መድኃኒት የጀመረው ያን ጊዜ ነው። እስከ ዛሬ ቀጠሮ አለው፤ አብሬው እሄዳለሁ። ጠበሉንም አልተወም። አንዳንድ ቀን አሁንም ዓይኑን ሸፍኖ ይዞራል። ዳነ ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ግን ይተኛል።

ሽማግሌ የተቀመጠው ጎኑ እንደ ጠገገ ነው፤ ከሜዳው ዳር ካለው ዋርካ ሥር። ደሳለው ድንጋይ ተሸክሞ ቀረበ። አስማረ የተናገረው ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ እንኳ በግራ በኩል ጨለማ ብቻ እንደሚያይ፣ የእጮኛው ቤተሰብ ስለ ሠርጉ ዝም እንዳለ፣ በሕልሙ ደሳለውን ስንት ጊዜ እንደ ገደለው። ማንም አላቋረጠውም። ሲጨርስ ድንጋዩን በራሱ እጅ ከወንድሜ ጫንቃ አወረደና «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። ቄስ አዳሙ ራሳቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። «እኔም ካሣ አለብኝ» አሉ በመጨረሻ፤ «የልጄን አፍ በጨዋነት ደፍኛለሁ።»

ከዚያ እኔ ተነሣሁ። ዱላውን የለወጥሁት እኔ እንደ ሆንሁ፣ የጌትነት እጅ የተሰበረው በእኔ ዝምታ እንደ ሆነ ተናገርሁ። ጌትነት በታሰረው እጁ አፉን ከልሎ ሳቀ። «ለካ አንቺ ነሽ ከሰፈሩ ሁሉ አደገኛዋ!» አለ። ሽማግሌዎቹም ሳቁ። ይቅር አለኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከቤታችሁ ሰው ሲመታ የሚጨበጨብለት ወንድም ወይም ባል ካላችሁ፣ ማታ ሲገባ እጁን እዩት። ዋንጫውን በሁለት እጁ ከያዘ ድካም ነው አትበሉ። እኔ አይቼ ዝም ብያለሁ። ሰፈሩ «ዱላችን» ሲለው ሰምቼ ኮርቻለሁም። ዱላ ቢሰበር ሌላ ይቆረጣል፤ የእናቴ ልጅ ግን አንድ ነው። የበደላችሁንም ሰው በጨዋነት ብቻ አትሸኙት። በደሉን ንገሩት፤ ከዚያ ማሩት።

በቀጣዩ ገና አያ ጥላሁን መጥቶ ነበር። እናቴ በሩን አልከፈተችለትም። ደሳለው ሜዳ የሄደው ሊያይ ነው። የአባቴ ወይራ አሁን አስማረ ዘንድ ነው፤ ምርኩዝ አድርጎታል። ሁለቱ ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ ደሳለው በአስማረ ግራ በኩል፣ ዓይን በሌለበት። ከዚያ በኩል ጥንጓ በመጣች ቁጥር ወንድሜ ጎንበስ ብሎ በጆሮው ሲነግረው አየሁ፤

«መጣች። በግራ ነው። እግርህን ሰብስብ።»